እህትዓለም፣ አጣሪ አደረጉሽ አሉኝ

እህትዓለም እንዴት ነሽልኝ፣ ልጆቹስ፣ እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ከማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ስዞር ያንቺ ስልክ ሲቀየር ኔትወርኩም አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲጠፋ ይኸው ስንት ጊዜ ሳንጻጻፍ። ዳንግላ የሰው ሃብት ኃላፊ ሆንሽ ሲሉኝ እልል ብያለሁ፣ ግን ገና ወንበሩ ሳይሞቅ አንዱን ሠራተኛ «በስርቆት አጣሪው» ብለው ሰጡሽ ሲሉኝ ሆዴ ባባ፣ ሥራ አስኪያጁም «ቶሎ ጨርሽልኝ» ብሎሻል አሉ። ቶሎ ጨርሽ ማለት ብዙ ጊዜ አባሪልኝ ማለት ነው፣ አንቺ ግን እንዳትሰሚው።

እኔ በፊት የነበርኩበት ድርጅት (ስሙን ተይው) ከመጋዘን የወጣ ዱቄት ደንበኛው ጋ ሳይደርስ ጎደለ ተባለና መጋዘን ጠባቂው ተያዘ። ማን አጣሪ ሆነ መሰለሽ? የምርት ኃላፊው! ሁለተኛው ቁልፍ እኮ በሱ እጅ ነው። ልጁን ጠርቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «ለማን ሸጥከው?» ሆነ፣ አሁን ይሄ ጥያቄ ነው? በኋላ ጉዳዩ ወደኔ ሲመጣ ክሱን በጽሁፍ አደረግነው፣ የትኛው ሌሊት፣ ስንት ከረጢት፣ ማን አየ፣ ለመልስም ቀን ሰጠነው፣ የሠራተኛ ማህበሩ ተወካይም አብሮት ተቀመጠ። «ማታ ስትረከብ ጀምረህ ንገረኝ» አልኩትና ዝም ብዬ ሰማሁት። የወጪ ሰነዱንና የበር ጥበቃውን መዝገብ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ለካ አንድ አይሱዙ ጭኖ ወጥቶ ዝናብ መልሶት ሌሊት አራግፏል፣ ወጪው ተጽፏል ተመላሹ አልተጻፈም፣ ከረጢቶቹ እዚያው ከኋላ ተደርድረዋል! ልጁ ሌባ አልነበረም፣ ግን ሳይቆጥር ፈርሟልና ለሱ የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ እሱም ተቀበለ። ከተማው ግን ሌባ ማለቱን እስካሁን አልተወም፣ ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ የሚሉት እኮ ለዚህ ነው።

የናንተ የግል ድርጅት ስለሆነ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፣ አንቀጽ 27ን ደጋግመሽ አንብቢው። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት አይችልም፣ እስኪጣራ ከሥራ ማገዱም ቢሆን ከ30 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ስለዚህ መቼ እንዳወቁ የሚያሳየውን ወረቀት መጀመሪያ ፈልጊ። ከተባረረ ደግሞ ምክንያቱና ቀኑ በጽሁፍ ይነገረዋል። ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ በ3 ወር ውስጥ ሊከስ ይችላል፣ ያኔ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚነበበው አንቺ የጻፍሽው ቃለ ጉባኤ ነው እንጂ የሥራ አስኪያጁ ንዴት አይደለም።

ሌላው ደግሞ የኛ አገር ነገር፣ ሁሉም ወይ በክርስትና ወይ በጽዋ ማህበር የተሳሰረ ነው። አጣሪ ኮሚቴው ውስጥ ከከሳሹ ጋር ጽዋ የሚጠጣ ካለ በጨዋ ደንብ አስወጪው፣ አንቺም ዘመድ ከሆንሽ ተነሺ። ምስክሮቹን አንድ ላይ እንዳትጠሪ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አንገቱን መነቅነቅ ነው ሥራው፣ ለየብቻ ጥሪያቸው። የሰጡትን ቃል መልሰሽ አንብቢላቸው፣ «እንዲህ አላልኩም» ካለ አርሚለት፣ በየገጹም ይፈርም። አልፈርምም ካለ አትጣይው፣ እምቢ ማለቱን ጽፈሽ የነበሩት ይፈርሙበት። ከሳሹ አለቃ ቢሆንም እሱም ቃሉን ይሰጣል፣ ይሄን ብዙዎች ይፈሩታል።

ደግሞ ቅጣቱን አንቺ አትወስኚ፣ ያገኘሽውን ጽፈሽ ስጪና ሌላ ሰው ይወስን። እምቢ ካሉሽ ቢያንስ የቅጣት ሐሳብሽን ካገኘሽው ነገር ለይተሽ ጻፊው።

ልጁን ከመጥራትሽ በፊት የምትጠይቂውን ጻፊና በቴሌግራም ላኪልኝ አብረን እናየዋለን፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ኔቱ ይሻላል።