ሳብዉፈሩን ጥግ ወትፋችሁ አትሂዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ይህን የምጽፈው ለቤታቸው ሳብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ገዝተው ለተናደዱ ሰዎች ነው። ለሚሸጡትና ለሚገጥሙትም ጭምር።

እኔ ሪሲቨር (የዲሹን ሳይሆን ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮች የሚያከፋፍለውን)፣ ሁለት ዋና ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር ገዛሁ። ሊገጥምልኝ የመጣው ልጅ ገመዱን ሰካካ፣ ሳብዉፈሩን ከቡፌው አጠገብ ጥግ ውስጥ ከተተው፣ ከኋላው ያሉትን ማዞሪያዎች በሙሉ እስከ መጨረሻ አዞረና ሄደ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከታች የሚኖሩት እማማ መጥተው በር አንኳኩ፣ አፈርኩ። ዘፈኑ ግን ዘፈን አልሆነም። ቤዝ ጊታሩ አንዱ ኖታ ላይ ያጓራል፣ ቀጣዩ ላይ ጭራሽ አይሰማም። ለወራት ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ዕቃው ደህና ነው። ችግሩ የሥራ ክፍፍሉ ነበር። ሪሲቨሩ ውስጥ ዋናዎቹ ስፒከሮች «ላርጅ» ተብለው ተሞልተዋል፣ ማለትም ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ወደ እነሱ ይሄዳል። በዚያ ላይ ያው ወፍራም ድምፅ ለሳብዉፈሩም እንዲደገም ተደርጓል። ሁለቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ፣ አንዱ ሌላውን ያደፈርሳል። ስፒከሮቹን «ስሞል» አድርጉ። ስሙ አያስደንግጣችሁ፣ ስለ ስፒከሩ መጠን አይደለም የሚያወራው፣ ወፍራሙን ድምፅ ለሳብዉፈሩ ተወው ማለት ነው። ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ለሳብዉፈሩ የቀረው ለስፒከሮቹ የሚከፋፈልበትን ወሰን፣ 80 ሄርዝ ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ (ሄርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ጆሯችን በቀላሉ አይለይም፣ ስለዚህ ሳብዉፈሩ የትም ቢቀመጥ ዘፈኑ ከፊት ለፊት የሚመጣ ይመስላል። ስፒከሮቹ በጣም ትናንሽ ከሆኑ 100 ወይም 120 ይሻላል። ሳብዉፈሩ ላይ ያለውን የክሮስኦቨር ማዞሪያ ደግሞ እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ ምክንያቱም ድምፁን የሚከፍለው ሪሲቨሩ ነው፣ ሁለት ጊዜ መከፈል የለበትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለውጥ ያመጣልኝ ቦታው ነው። የኛ ሳሎን ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ወፍራም ድምፅ ደግሞ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ያብጣል፣ ጥግ ላይ ይብሳል። የኔ ሳሎን ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እያመላለሰ ያጎላዋል፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ሄርዝ ነው። ያ የሚያጓራው ኖታ ይኸው ነበር! መሀል ወለሉ ላይ ብትቆሙ ደግሞ ያው ኖታ ይጠፋባችኋል።

መላው ቀላል ነው። ሳብዉፈሩን አንሥታችሁ እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት። ቤዙ ወደ ላይ ወደ ታች የሚመላለስበት ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በየግድግዳው ሥር ጎንበስ እያላችሁ አዳምጡ። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ቦታ ስታገኙ ሳብዉፈሩን እዚያ አድርጉት። እኔ ያገኘሁት በረንዳው በር አጠገብ ነው፣ ፈጽሞ ያላሰብኩት ቦታ። ሶፋውንም ከግድግዳው ትንሽ አራቅሁት። ከሳብዉፈሩ ኋላ ያለችውን 0 እና 180 የምትል ማብሪያ ደግሞ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ እናንተ ቀያይሩለት፣ ቤዙ ሞላ ብሎ የሚሰማበት ላይ ተዋት።

አሁን ድምፁን ከድሮው ግማሽ በታች አድርጌ ነው የምሰማው፣ ክሩ ሲነካ ይለያል። እማማም ከዚያ ወዲህ አልመጡም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሳብዉፈሩ ሥር ስፖንጅ ማንጠፍ ወለሉንና ቡፌውን ከመንቀጥቀጥ ያሳርፋል እንጂ ቤዙ በግድግዳ አልፎ ጎረቤት እንዳይገባ አያግደውም። በማታ መቀነስ ግድ ነው።

ዕቃ የምትሸጡና የምትገጥሙ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ደንበኛውን ሶፋው ላይ አስቀምጡትና እየሰማ አስተካክሉለት። ዋጋውንም ለብቻው ንገሩት። እኔ ያኔ ቢነግሩኝ ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ