ቅዳሜ ጽሑፋችንን አብረን እናርማለን
ሰላም የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ልጆች፣

ቅዳሜ የምንገናኘው የእንግሊዝኛ ክፍል ድርሰቶቻችንን በጉግል ዶክስ አብረን ለማረም ነው። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀኑ 2:00፣ ቦታው የታኮማ ፓርክ ካምፓስ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ነው።

ላፕቶፕ፣ ማዳመጫና ያላለቀ ረቂቅ ያዙ። ያላለቀ ይሻላል፤ የሚሠራበት ነገር አለውና። የጓደኛችሁን ዓረፍተ ነገር ራሳችሁ አትጻፉለት፣ ጥያቄያችሁን በኮሜንት አስፍሩለት። ባዶ ገጽ የሚያስጨንቃችሁ ደግሞ ሐሳባችሁን መጀመሪያ በአማርኛ ተናገሩት፤ የጉግል ዶክስ የድምፅ መጻፊያ አማርኛ ይቀበላል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ራሳችሁ ጻፉት። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሲያነብላችሁም የተዘለለው ቃል ወዲያው ይሰማል።

ቻትጂፒቲ የጻፈውን ግን እባካችሁ አታምጡ። የእናንተን ድምፅ ነው የምንፈልገው።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ «እመጣለሁ» በሉ። ላፕቶፕ የሌላችሁም አሳውቁን፣ እንፈልግላችኋለን።