የስቶክሆልም ደሴቶችና የጀልባ ሽርሽራችን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ በስቶክሆልምና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን የበጋውን ዕረፍት በጀልባ እንድናሳልፍ የሚጋብዝ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጽሑፉ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሕይወት አድን ሰደርያና ልጆችን ስለ መጠበቅ የሰጠው ምክር የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ለማደሪያ ነፋስ የማይነካው፣ ዳሩን ሸምበቆ የለበሰ፣ ጥልቀት የሌለው ጥግ ፈልገን መልሕቅ እንድንጥል የሚመክረው ክፍል በዝምታ ሊታለፍ የሚገባው አልመሰለኝም። ወደ 30,000 የሚጠጉ ትልልቅና ትንንሽ ደሴቶች በተበተኑበት በዚህ ዳርቻ የመዝናኛ ጀልባ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው በተንጣለለው ባሕር ላይ ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቱ ጸጥ ያለ ጥግ ውስጥ ነውና።

በደሴቶቹ ዙሪያ ያለው የባልቲክ ውሃ በአንድ ሊትር 6 ግራም ገደማ ጨው ብቻ የያዘ ሲሆን የውቅያኖስ ውሃ ግን 35 ግራም ያህል ይይዛል። ስለዚህ ውሃው ለባሕር ፍጥረት ጨው ያነሰው፣ ለሐይቅ ፍጥረት ደግሞ ጨው የበዛበት ነው፤ ኑሮውን የቻሉት ዓይነቶችም ጥቂት ስለሆኑ አንዱ ቢጠፋ ቦታውን የሚተካ ሌላ የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው። ጥልቀት የሌላቸው ጥጎች በፀደይ ቀድመው ስለሚሞቁ ዬዳና አቦረ የተባሉት ዓሦች እንቁላላቸውን ለመጣል ወደዚያ ይገባሉ፤ የሚፈለፈሉትም ውሃ ውስጥ በሚበቅለው ሣር መካከል ተደብቀው ያድጋሉ። ፕሮፔለር ጭቃውን ሲያምስ ውሃው ይደፈርሳል፤ ብርሃን ያጣው ሣር ይመነምናል፤ ጭቃውን በሥሩ አቅፎ የሚይዘው ሣር ከሳሳ በኋላ ደግሞ ቀላል ነፋስ እንኳ ውሃውን ያደፈርሰዋል። የስዊድን ተመራማሪዎች ጀልባ የሚበዛባቸውንና የማይበዛባቸውን ጥጎች አስተያይተው፣ ጀልባ በሚበዛባቸው ሣሩም የዬዳ ግልገሉም አንሶ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። መሬቱም ከጥንቱ የበረዶ ክምር ሸክም ከተላቀቀ ወዲህ ዛሬም በዓመት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ እያለ ስለሆነ፣ አባት በነፃነት ያቋረጠውን ጥግ ልጅ ሲያቋርጠው ፕሮፔለሩ ጭቃ ይነካል።

ይህን የምጽፈው ከጥፋት ነፃ ሆኜ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር በተከራየነው ጀልባ እንዲህ ባለ ጥግ አድረን ጠዋት መልሕቁን ስንስብ ከነሥሩ የተነቀለ አንድ ሸክም ሣር ይዞ ወጣ። ለከብት የሚሆን ድርቆሽ አገኘን ብለን ሣቅን። ያከራየን ሰው የነዳጁን መጠንና የመመለሻውን ሰዓት ከመንገር በቀር ስለዚህ ያነሣው ነገር አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። መልሕቅን በባዶ አሸዋ ወይም በጭቃ ላይ መጣል፣ ወይም በአገሬው ልማድ ከኋላ መልሕቅ ጥሎ የጀልባውን አፍንጫ ጥልቅ ውሃ ካለበት ዐለት ጋር ማሰር እንደሚሻል ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ መጸዳጃ ቤት ጽሑፋችሁ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከኤፕሪል 1 ቀን 2015 ጀምሮ የመዝናኛ ጀልባን የመጸዳጃ ፍሳሽ በስዊድን የባሕር ክልል ውስጥ ወደ ውሃ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ፍሳሹ የሚራገፈው በጀልባ ማረፊያዎች በተዘጋጁ መቀበያዎች ነው። በእርግጥ ባልቲክን በናይትሮጅንና በፎስፎረስ ያጥለቀለቀው በዋናነት እርሻና የከተማ ፍሳሽ እንጂ ጀልባ አይደለም። ነገር ግን በጁላይ ሙቀት ሃያ ጀልባ የታጨቀበት የተዘጋ ጥግ ሌላ ነገር ነው። ባሕሩ ከውጭው ጋር የሚገናኘው በዴንማርክ በኩል ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ ስለሆነ ውሃው እስኪታደስ 30 ዓመት ያህል ይፈጃል ይባላል። ጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ከተማ ላደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚወርድ ንጥረ ነገር እዚያ እንቦጭን እንደሚቀልብ ሁሉ፣ እዚህም በበጋ ውሃውን የሚያለብሰውንና ለልጆችና ለውሻ መርዝ ሊሆን የሚችለውን አልጌ ይቀልባል።

ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ ያገለገለ ጀልባ በርካሽ መግዛት ጀምረዋል። እነርሱ ደግሞ የጀልባውን ሆድ ከመፋቃቸው በፊት ቀለሙን ቢያስመረምሩ መልካም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ለትንንሽ ጀልባዎች የታገደው ቲቢቲ የተባለ መርዝ ዛሬም በአሮጌ ጀልባዎች የቀለም ንብርብር ሥር ይገኛል።

ወፎቹን በተመለከተ፣ ኤይደር የተባለችው የባሕር ዳክዬ እንቁላሏን ታቅፋ 25 ቀናት ያህል ምግብ ሳትቀምስ ትቀመጣለች ማለት ይቻላል። ሰው ወይም ውሻ ወደ ደሴቷ ሲወርድ ደንግጣ ስትነሣ፣ እንቁላሉ ተገልጦ በቆየበት ጥቂት ደቂቃ ቁራና ሌሎች ነጣቂ ወፎች ይጨርሱታል። በወፍ መጠለያነት የተከለሉ ደሴቶች ብዙውን ጊዜ ከፌብሩዋሪ ወይም ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ በጋው አጋማሽ ወይም መገባደጃ ድረስ ለሰው ዝግ የሚሆኑት ለዚህ ነው፤ ክልከላው ከባሕሩ ላይ ያለውን ዙሪያም ሊጨምር ስለሚችል ሰሌዳውን ማንበብ ያሻል። ጫጩቶቹ ውሃ ከገቡ በኋላ ደግሞ ከእናታቸው የሚነጥላቸው ጀልባ ጥሎት የሚሄደው ማዕበል ነው። ብዙ ሰው ፍጥነቱን በመጠኑ ሲቀንስ የተጠነቀቀ ይመስለዋል፤ ሆኖም የሞተር ጀልባ ትልቁን ማዕበል የሚያነሣው አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ፣ ኋላውን ውሃ ውስጥ ቀብሮ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሄድ ነው። በደሴት አጠገብ ፍጥነት መቀነስ ማለት ጀልባው ተመልሶ ውሃው ላይ ቀጥ ብሎ እስኪተኛ ድረስ መቀነስ ማለት ነው።

ጽሑፋችሁ አለማንስሬት የተባለውን ማንኛውም ሰው በተፈጥሮ ውስጥ የመዘዋወር መብት በደስታ ጠቅሷል። ስዊድናውያን ግን ይህን መብት ሲያስተምሩ «አትረብሽ፣ አታበላሽ» የሚለውን ግማሹን ለይተው አያስቀሩትም። እዚህ ላይ የእኛን ነገር ላንሣ። ቡና ያለ ከሰል አይፈላም ብለን ምድጃችንን በባዶው ዐለት ላይ የምንጎልት፣ ሲያልቅም ፍሙን እዚያው የምንደፋ ጥቂት አይደለንም። በረዶ ለሺህ ዓመታት ያለሰለሰው ይህ ዐለት በእሳት ሲግል ይሰነጠቃል፤ ጠባሳውም አይሽርም። በድርቅ ጊዜ እሳት ማንደድ ጨርሶ ስለሚከለከል በፔርሙዝ የተያዘ ቡና የተሻለ ነው፤ ጣዕሙ እንደማይደርስለት ባልክድም።

በስዊድን 12 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት የማያልፍ የመዝናኛ ጀልባ ለመንዳት የብቃት ማረጋገጫ አይጠየቅም፤ ከ2022 ጀምሮ ማረጋገጫ የግድ የሆነው ለውሃ ስኩተር ነው። በዚህ ምክንያት አብዛኞቻችን ወደ ደሴቶቹ የምንወጣው ማንም ምንም ሳይጠይቀን ነው፤ የሰሌዳዎቹ ጽሑፍም ስዊድንኛ ስለሆነ አዲስ የመጡ ወገኖቻችን ላይረዱት ይችላሉ። ስለዚህ የጀልባው ወቅት ከመግባቱ በፊት መልሕቅ የሚጣልበትን ቦታ የሚመለከተውን ምክር እንድታርሙ፣ የወፍ መጠለያ ሰሌዳዎችንም ትርጉም በአማርኛ እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ትርጉሙን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።

አንባቢያችሁ
ከስቶክሆልም