ሯጮቻችን የማስታወቂያ ውል ከመፈረማቸው በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች ከማስታወቂያ ገንዘብ ማግኘት ስለመጀመራቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ዘላችኋል። ከአገር ቤት በተማሪ ቪዛ መጥተው የሚሮጡ ልጆቻችንን ይህ ዕድል እምብዛም አይመለከታቸውም። አንብበው «እኛም እንችላለን» እንዳይሉ ፈራሁ።

የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው እንዲነግዱ የፈቀደው በጁላይ 2021 ነው። ወዶ አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2019 ይህንኑ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፣ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። በ2025 ደግሞ ስፖርተኞች ኤንሲኤኤን በከሰሱበት ጉዳይ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት መጣ። አሁን አንድ ኮሌጅ ራሱ ለስፖርተኞቹ ገንዘብ ማከፋፈል ይችላል፤ ጣሪያው በ2025-26 የትምህርት ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከውጭ የሚመጣ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውልም ይመዘገባል፤ እውነተኛ ማስታወቂያ ነው ወይስ በጓሮ በር የገባ ደመወዝ ተብሎ ይመረመራል። ትልቁ ብር የሚሄደው ለአሜሪካ ፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ለሯጭ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው።

ፍርፋሪውም ጣጣ አለው። ኤፍ ዋን የሚባለውን የተማሪ ቪዛ የያዘ ልጅ ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት አይችልም። ለሱቅ ቪዲዮ ሠርቶ መከፈል ደግሞ ሥራ ተብሎ ሊቆጠርበት ይችላል። ኤንሲኤኤ ፈቀደ ማለት ኢሚግሬሽን ፈቀደ ማለት አይደለም። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ካናዳዊ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዛክ ኤዲ የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ እንኳ እንደ ጓደኞቹ እንደ ልቡ መፈረም አልቻለም። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ኮንጎዊ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኦስካር ሺብዌ በ2022 ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ ጠብቆ ማስታወቂያውን እዚያ፣ ከአሜሪካ ውጭ ሠራ። ብልጠት ነው፤ ግን ስንቱ የአገር አቋራጭ ሯጭ ነው ባሃማስ የሚወሰደው?

የማውቃት አንዲት ሯጭ ከአንድ ባለሱቅ 500 ዶላርና ጫማ ቀረበላት። «ፎቶ ብቻ ነው፣ ምን ችግር አለው» አላት። ሰውየው ክፋት የለውም፣ የአገሩን ልጅ ልርዳ ብሎ ነው። ውሉ ሁለት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል «በአሜሪካ የመሥራት ሕጋዊ መብት እንዳለኝ አረጋግጣለሁ» የሚል አለበት። ብትፈርም ኖሮ ቪዛዋን አደጋ ላይ መጣል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ መዋሸትም ነበር። ደግነቱ ወረቀቱን ይዛ የኮሌጇ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄደች፤ እንዳትፈርሚ አሏት።

እባካችሁ አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቃችሁ በሰፊው ጻፉበት። አሠልጣኞች ልጆቹን ሲመለምሉ ስለ ስኮላርሺፑ እንጂ ስለዚህ አያወሩም።

ግሪን ካርድ ያላቸውና እዚሁ የተወለዱት ግን ይፈርሙ። ታክሱን ብቻ አይርሱ፤ በውሉ የተሰጣቸው ጫማም እንደ ገቢ ይታሰባል።

አንድ አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ