ከምንልከው ዶላር ባሻገር እኛንም ዘግቡልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሻርጃ ነው። ጋዜጣችሁን በስልኬ አነባለሁ። በተለይ ዓረብ አገር ስላለነው ኢትዮጵያውያን የምታወጡት አያመልጠኝም። የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ስለምንልከው የውጭ ምንዛሪ፣ ወይ ስለ ተባረሩና ስለ ሞቱ ወገኖቻችን። በመሃሉ ያለው ኑሯችን ዜና አይሆንም። ይህ ለምን እንደሚቆጨኝ እንዲገባችሁ ስለ ህንዶች፣ ከህንዶችም ስለ ኬረላ ሰዎች ላጫውታችሁ። አብሬያቸው እሠራለሁ፤ የምንኖረውም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ዜና ሲያነቡ፣ ሲከራከሩበት፣ ሲናደዱበት በየቀኑ አያለሁ።

ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ፣ ባሕር ዳር ያለች ክፍለ ግዛት ናት። ቋንቋቸው ማላያላም ይባላል። ዱባይም ይሁን ኩዌት ወይም ዶሃ፣ ግሮሰሪ ስትገቡ ሒሳብ የሚቀበላችሁ፣ ሆስፒታል ስትሄዱ መርፌ የምትወጋችሁ፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ፓራታ የሚጋግርላችሁ ብዙ ጊዜ የኬረላ ሰው ነው። በብዛት መምጣት የጀመሩት በ1970ዎቹ በነዳጁ ዘመን ነው። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊትም ቢሆን አገር ለቆ መሥራትን ያውቁበት ነበር። በጃንሆይ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ አንባቢዎቻችሁ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሯቸውን ህንዳውያን አይረሱም። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ ከዚህችው ከኬረላ የሄዱ ነበሩ።

የምሠራበት መጋዘን ውስጥ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ ማላፑራም ከተባለው የኬረላ አውራጃ የመጡ አንድ ሰው አሉ። ኢካ እንላቸዋለን፤ በእኛ ጋሼ እንደማለት ነው። ጠዋት ካራክ ሻያቸውን ይይዙና ስልካቸው ላይ ጋዜጣ ይከፍታሉ። ድሮ የወረቀቱን ነበር የሚገዙት። የማላያላም ጋዜጣ እዚሁ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ሲታተም ኖሯል፤ ገልፍ ማድያማም የተባለው በ1999 ባሕሬን ላይ ነው የጀመረው። ኢካ መጀመሪያ የሚያዩት የዴልሂን ፖለቲካ አይደለም። የሩፒን ምንዛሪ ያያሉ። ከዚያ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ። ከዚያ ዝናቡንና የግድቡን ነገር፤ በ2018 ጎርፍ ኬረላን ካጥለቀለቀ ወዲህ ክረምት ሲገባ ሁሉም አገር ቤት ያለው ቤተሰቡ ያሳስበዋል። በመጨረሻም እዚህ የሞተ ሰው ካለ፣ የየትኛው ሰፈር ልጅ እንደሆነ ያነባሉ።

የምንዛሪው ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ። ስለዚህ ሩፒ በዶላር ላይ ሲወርድ እዚህ ያለ ህንዳዊ በዚያው ደመወዙ ብዙ ሩፒ ይልካል። ጋዜጣው ይህን ለላኪው ብሎ ይጽፈዋል። ዛሬ ይላክ ወይስ ይቆይ፣ የቤት ብድር ያለበት ሰው ምን ቢያደርግ ይሻላል፣ አገር ቤት የዕቃ ዋጋ ሲንር ትርፉ የት ይገባል፤ ይህን ሁሉ ያወሩበታል። እኛስ? ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዋጋው በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ያኔ እኔ ያነበብኳቸው ጋዜጦች ለውጡ ለባንኮች፣ ለአስመጪዎችና ለመንግሥት ዕዳ ምን ማለት እንደሆነ ጻፉ። በወር ደመወዟ እናቷን የምትጦር የቤት ሠራተኛ በባንክ ትላክ ወይስ እንደ ድሮው በሰው እጅ፣ ልዩነቱ አሁን ስንት እንደሆነ ግን እርስ በርሳችን ነው የተጠያየቅነው፣ ቴሌግራም ላይ። አጭበርባሪውም እዚያው ቴሌግራም ላይ ነበር።

የትኬቱን ደግሞ ስሙ። እዚህ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰብ ያለው ህንዳዊ ሁሉ ወደ አገሩ ሊሄድ ይነሣል። ኮቺና ኮዚኮድ ወደተባሉት የኬረላ ከተሞች የሚሄደው ትኬት ዋጋው እጥፍ እጥፍ ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ዜና ነው። የኬረላ የሕዝብ ተወካዮች ዴልሂ ፓርላማ ውስጥ ያነሡታል። ሚኒስትሩ መልስ ይሰጣል፣ ጋዜጣው መልሱን ይተቻል። እውነቱን ለመናገር ዋጋው አሁንም አልረከሰም። ኢካም እስካሁን ያማርራሉ። ነገር ግን የአንድ መጋዘን ሠራተኛ የትኬት ዋጋ የፓርላማ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያየሁት ከእነሱ ነው፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ክብር ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። የኬረላ መንግሥት ውጭ ላሉ ተወላጆቹ ጉዳይ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው በ1996 ነው፤ ኖርካ ይባላል። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ በዋና ከተማቸው ያለ የምርምር ማዕከል በየጥቂት ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቃል። ስንት ሰው ሄደ፣ የት ሄደ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንት ላከ። ውጤቱ ሲወጣ ጋዜጦቹ ለሳምንታት ይነጋገሩበታል። የኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ በ1999 ሲከፈት ከባለድርሻዎቹ መካከል በውጭ የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ህንዳውያን ነበሩ። በ2015 ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የመጀመሪያው የዓለም አውሮፕላን ማረፊያ የሆነው ይኸው ነው። እኛም በ2018 በቀን አንድ ዶላር እንድናዋጣ ስንጠየቅ ብዙዎቻችን በደስታ አዋጥተናል። ልዩነቱ የኬረላው ሰው ባለ አክሲዮን ሆኖ ይጠይቃል፣ ጋዜጣውም ይጠይቅለታል።

ልቤን የነካው ግን የማንጋፉ እሳት ነው። ሰኔ 12 ቀን 2024 ንጋት ላይ ኩዌት፣ ማንጋፍ በተባለ ሰፈር፣ ሠራተኞች የሚኖሩበት ሕንፃ ተቃጠለ። ከሞቱት 45ቱ ህንዳውያን ነበሩ፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ የኬረላ ልጆች። ያን ቀን መጋዘናችን ውስጥ ሥራ የሠራ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። የስም ዝርዝር ይወጣል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይወጣል። ከሁለት ቀን በኋላ የህንድ አየር ኃይል አውሮፕላን አርባ አምስቱንም አስከሬን ይዞ ኮቺ አረፈ። የክፍለ ግዛቷ ዋና ሚኒስትር ፒናራዪ ቪጃያን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ወጥተው ተቀበሉ። ሳጥኖቹ በተራ ተደርድረው፣ በእያንዳንዱ ላይ ፎቶና ስም ነበረበት። ጋዜጦቹ የእያንዳንዱን ታሪክ ጻፉ። ማን አዲስ ቤት እየሠራ ነበር፣ ማን ሊያገባ ነበር፣ ማን ከመጣ ገና ጥቂት ቀኑ ነበር። ከዚያም ጥያቄው ተነሣ። ሕንፃው ውስጥ ለምን ያን ያህል ሰው ታጨቀ? መውጫው ለምን ተዘጋ? ማን ይጠየቃል?

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሰኔ 2020፣ ቤይሩት ላይ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አውጥተው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ የጣሏቸውን እህቶቻችንን አስታወስኩ። አስፋልት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ያደሩትን። ምስሉን እኔ ያየሁት በውጭ ቴሌቪዥን ነው። ስማቸውን ማን ጻፈ? አገር ከገቡ በኋላ ምን እንደደረሰባቸው ማን ተከታተለ? ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ሰው ተመልሶ ነበር። ቦሌ ሲገቡ ካሜራ ነበረ። ከቦሌ ወዲያ ስላለው ያነበብኩት በጣም ጥቂት ነው።

ህንዶች ችግር የለባቸውም እያልኩ አይደለም። ፓስፖርት የሚነጠቅባቸው አሉ። በአንድ ክፍል ተጨናንቀው የሚያድሩ አሉ። ደላላ በልቷቸው እዳ ተሸክመው የመጡ አሉ። ድምፅ መስጠት እንኳ የተፈቀደላቸው ከ2010 የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ነው፤ ያውም አገር ቤት ምርጫ ጣቢያው ድረስ በአካል ከሄዱ ብቻ። ይህንንም በየምርጫው ይጮኹበታል። የነርሶቹ ነገር ግን ጩኸት ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። ደላሎች ኩዌት ለመቀጠር ብዙ ገንዘብ እያስከፈሉ ነርሶችን ሲመዘብሩ ነገሩ አደባባይ ወጣ፣ ምርመራ ተጀመረ፣ በ2015 የህንድ መንግሥት ወደ ኩዌትና መሰል አገሮች የሚሄዱ ነርሶች በመንግሥት ድርጅቶች በኩል እንዲቀጠሩ ወሰነ። መጀመሪያ ጉዳዩ ተጻፈ፣ ከዚያ ደንቡ መጣ። እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ነው ያየሁት።

ሌላም ሰው አለ፣ ሳላነሣው ብቀር ቅር ይለኛል። አጅማን ውስጥ የሚኖር አሽራፍ ታማራሴሪ የሚባል የኬረላ ሰው ነው። ሥራዬ ብሎ የሞቱ ስደተኞችን አስከሬን ወደ አገራቸው ይልካል። ወረቀቱን ይጨርሳል፣ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ፖሊስ ጋ ይሄዳል። ገንዘብ አይቀበልም። የህንዶችን ብቻ ሳይሆን የሌላ አገር ሰዎችንም ይረዳል። በ2015 የህንድ መንግሥት በውጭ ላሉ ተወላጆቹ የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት ሰጥቶታል። ይህን ሰው ሁሉም የሚያውቀው ጋዜጠኞች ደጋግመው ስለጻፉለት ነው። ስለዚህ ችግር የገጠመው ሰው ማን ጋ መደወል እንዳለበት ያውቃል። በእኛም መካከል በየከተማው መዋጮ እየሰበሰቡ፣ ሆስፒታል እያደሩ አስከሬን የሚያስልኩ እህቶችና ወንድሞች አሉ። ብዙዎቹ ራሳቸው የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። የሚያውቃቸው የረዱት ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ላቅርብ። በሳምንት አንድ ገጽ ስጡን። የበዓል መልካም ምኞት አይደለም የምንፈልገው። የሥራ ውል ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት፣ በ2016 የወጣውና በ2021 የተሻሻለው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923 ለሠራተኛዋ ምን መብት እንደሚሰጣትና ወጪውን ማን መክፈል እንዳለበት በቀላል አማርኛ አስረዱ። ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሊልኩ የተዘጋጁ ወላጆች ከመወሰናቸው በፊት እንዲያነቡት። ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንሲዎች ዝርዝር ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወስዳችሁ አውጡ፤ ፈቃዱ የተሰረዘበትንም ጨምሩ። ሰው ሲሞት ስሙን ቤተሰቡ ፈቅዶ ጻፉ፣ በምን እንደሞተ ጠይቁ፣ መልስ እስኪገኝ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ከተመላሾች መካከል ጥቂቶቹን ዓመት ሙሉ ተከታተሉ። የተሳካላቸውንም ጻፉ፤ በላኩት ብር አባታቸውን ያሳከሙ፣ ሱቅ የከፈቱ፣ ታናናሾቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ደብዳቤ በጽሑፍ ብቻ አትቀበሉ። ከእህቶቻችን ብዙዎቹ ስልክ የሚያገኙት ማዳም ከተኛች በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደክሟቸዋል፣ ረጅም ነገር መጻፍ የማይችሉም አሉ። በኢሞና በዋትስአፕ ድምፅ መቀበል ብትጀምሩ ቁጥሩን እዚህ ባሉ እድሮቻችንና በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ እኔና ጓደኞቼ እናዳርሳለን። የሚመጣውን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ካስፈለጋችሁም ማታ ማታ ለመሥራት ፈቃደኞች ነን፤ ክፍያ አንጠይቅም።

አክባሪያችሁ
ከሻርጃ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች