የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሲረጋገጥ የስም አጻጻፍ ይታሰብበት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1961ዱ የሔግ ስምምነት (የአንዱ አባል አገር ሰነድ በሌላው አባል አገር በአንድ ማረጋገጫ ብቻ ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚያደርገው ውል) አባል ባለመሆኗ፣ ከወረዳ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የተሰጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀት በውጭ አገር እንዲያገለግል በአብዛኛው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በተቀባዩ አገር ኤምባሲ መረጋገጥ ይኖርበታል። ሐሰተኛ ሰነድን ለመከላከል ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ የሚያሳዝነው ስሕተቱ ከመነሻው አለመታረሙ ነው። እንደ «ፀሐይ» ያለ ስም በላቲን ፊደል ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ምስክር ወረቀቱ ላይ በ«ቲ» ብቻ በመጻፉ፣ የእህቴ ጉዳይ ከመጨረሻው መስኮት ወደ ወረዳ ተመልሷል፤ ባለቤቷም በባዕድ አገር እየጠበቃት ነው። ስለዚህ መዝጋቢዎች ምስክር ወረቀቱን ከማተማቸው በፊት የተጋቢዎቹን ፓስፖርት ተቀብለው ፊደል በፊደል እንዲያመሳክሩ፣ ረቂቁንም ለባለጉዳዮቹ እንዲያሳዩ መመሪያ እንዲሰጣቸው የሚመለከተውን አካል በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ