የቅዳሜው ልምምድ፦ ሰርቪስን ያለ ኢንተርኔት መፈተሽ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት የምንገናኘው የኢንቴግሬሽን ቴስታችን (ኮዳችን ከሌሎች ሰርቪሶች ጋር አብሮ መሥራቱን የሚያየው ፍተሻ) ኢንተርኔት ሳይኖርም እንዲሠራ ለማድረግ ነው። ቦታው የተለመደው 4ኛ ፎቅ፤ ዋይፋዩን ራሴ አጠፋዋለሁ።

የዶከር ኢሜጆቹንና (ፕሮግራሞቹ ከነሚያስፈልጋቸው የታሸጉባቸው ጥቅሎች) ኮዱ የሚጠቀማቸውን የሜቨን ላይብረሪዎች ዓርብ ማታ አውርዳችሁ ኑ። ባለፈው እዚያ ደርሰን ማውረድ ስንጀምር ግማሽ ቀን ሄደ። ዋየርሞክ (በእውነተኛው ሰርቪስ ፈንታ የተዘጋጀ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) ላፕቶፓችሁ ላይ በ8080 ፖርት ይነሳል፤ ከክፍያ ሰርቪሱ የቀዳነውን መልስ «ማፒንግስ» ፎልደር ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ኮዱም በእውነተኛው ሰርቪስ ፈንታ የሚጠራው ዋየርሞክን ነው። የተሳካውን ብቻ አትቅዱ፤ የ500 ስህተትና (ሰርቪሱ ራሱ ሲበላሽ የሚመልሰው) 30 ሰከንድ የሚዘገይ መልስም ይኑር፣ ሌሊት የሚያስነሳን እሱ ነው። ቅጂው ውስጥ ቶክን (የመግቢያ ሚስጥራዊ ቁልፍ) ወይም የደንበኛ ስልክ ካለ አጥፉት።

የምንወስነው፦ ቅጂውን ከእውነተኛው ሰርቪስ ጋር በየስንት ጊዜ እናመሳክር? እኔ በየሳምንቱ እላለሁ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» በሉ፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ያላችሁም ንገሩኝ።